የቦሩ ሜዳዋ ሴት

ፌስቡክ ገና ደሴ ሲገባ እኔ በሌላ ሰው ስም መጽሐፍ እየጻፍኩ ነበር የምኖረው። ለአንድ የሰኞ ገበያ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ነው የምንላቸው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍኩላቸው፤ በስማቸውም ፌስቡክ ከፍቼ ከመጽሐፉ እየቀነጨብኩ እለጥፍ ነበር። አንድ ቀን ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ ቢሮዬ ገብተው ስልካቸውን ፊቴ አስቀመጡት። በሐጂ ስም ስለ ሚስታቸው «ብርሃኔ፣ ጨረቃዬ» እያልኩ የለጠፍኩት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ማሻአላህ ብሎበታል።

«ይቺ ሴት ማናት?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እትዬ።»

«ሐጂ እኔን አንድ ቀን ብርሃኔ ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ነው የሚለኝ።»

ደነገጥኩ። ሐጂ ስለ ሚስታቸው ስጠይቃቸው «ደግ ናት» ብለው ነበር ያለፉኝ፤ የቀረውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ትዳር ከሚፈርስ ብዬ እውነቱን አወጣሁት። «ወላሂ፣ ብርሃኑም ጨረቃውም የኔ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሊስቁም ዳዳቸው። ስልካቸውን ሊያነሱ ሲሉ ግን ቆም አሉ።

«ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ስታስታምመው የከረመችውስ? እኔ ያኔ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት አራስ ነበርኩ።»

እሷን አልፈጠርኳትም። ሐጂ ራሳቸው ናቸው «ያቺ ባትኖር ሞቼ ነበር» ብለው እንባ እየተናነቃቸው የነገሩኝ። እኔም ሚስታቸው መስላኝ ጻፍኩት።

«እሱም የኔ ነው» አልኩ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት እያስተካከልኩ።

ስልካቸውን አንስተው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«የቅድሙን ስትነግረኝ ግን ዓይን ዓይኔን እያየህ ነበር» ብለውኝ ወጡ።