የትኛው ፎልደር ይጥፋ

ላፕቶፔ ቦታ ሞልቶበት አፕዴቱን አልጭንም ቢለኝ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ለሚሠራ ሐበሻ ጠጋኝ ሰጠሁት። «‹ትርፍ› የሚለውን ፎልደር አጥፋ፤ ‹ስም› የሚለውን እንዳትነካ» አልኩት። ሰሊጥ ሊያጭዱ መጥተው ወባ የጣላቸው ጎንደሬዎች፣ ከመሞታቸው በፊት የክርስትና ስማቸውን ሲነግሩኝ የቀዳሁት ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው፤ ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት የለም። «ሐዲር፣ ኻልቲ» አለኝ በዐረብኛ፤ እሺ አክስቴ ማለቱ ነው።

ስመለስ አፕዴቱ ተጭኗል፤ «ስም» ግን የለም። «‹ትርፍ› ይኸው ተቀምጧል! አታነብም እንዴ?» ስለው አንገቱን ደፋ። «የተወለድኩት እዚሁ ሱዳን ነው። አማርኛ እናገራለሁ እንጂ ፊደሉን ማን አስተማረኝ? ሐበሻ አይደለህም እንዳይሉኝ ፈርቼ ገመትኩ።» መልሶ ሊያወጣው ሞከረ፤ አልሆነም። ዕድሜዬን በመጽሐፍ የጨረስኩ ሴት፣ ማንበብ ትችላለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ከሟቾቹ የሦስቱን ስም አስታወስኩ። የቀሩትን ቄሱ ማን ብለው ይፍቷቸው?