ጎረቤት ሳይጠየቅ የሚሰፋ ክልል

ዘሥላሴ ኃይለ ገብርኤልን «ሽቦ ጎታች» ብሎ የሰደበው አምና በጥር ሚካኤል፣ ደብረ ብርሃን ክሊኒኩ በር ላይ፣ ነርሶቹ እየሰሙ ነው። ዘሥላሴ የአንኮበሩን ቅርንጫፍ ኮምፒውተሮች ይይዛል፤ ኃይለ ገብርኤል የደብረ ብርሃኑን። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ዘንድሮ ክሊኒኩ ሥራውን ወደ ክላውድ፣ ማለትም በሩቅ ወዳለ የኪራይ ኮምፒውተር አዛወረ። ብዙም ሳይቆይ እዚያ የተሰጠው የአድራሻ ክልል፣ ማለትም ማሽኖች እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ቁጥሮች ረድፍ፣ ሞላና አዲሱ የላቦራቶሪ ፕሮግራም ቁጥር አጣ።

ያን ጠዋት ኃይለ ገብርኤል በክሊኒኩ በር ላይ ከጎረቤቱ ልጅ ከሣራ ጋር ተገጣጠመ። ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ፣ የኮምፒውተሮችን ትስስር፣ ታስተምራለች። እናቷ አንኮበር ቅርንጫፍ ታማ ተኝታ የደም ውጤቷ ከደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ እስኪደርስ ሐኪሙ መድኃኒት አልጀመረላትም። «ነይ፣ አሁን ይላካል» ብሎ ወደ ክፍሉ ወሰዳት፤ ክልሉን ወደሚቀጥለው ቁጥር ለማስፋት አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ እንደቀረው ነግሯትም፣ የተማረ ወሬ ያበዛል እንጂ እንዲህ አይሠራም ሲል ወጋ አደረጋት።

«ጋሼ፣ የሚቀጥለው ክልል የማን እንደሆነ ጠይቀዋል?» አለች።

«ባዶ ነው። ማሽኑ ራሱ ባዶ ነው ይላል።»

«ማሽኑ የሚያውቀው ክላውዱን ብቻ ነው። አንኮበር ያሉት ኮምፒውተሮች ያን ቁጥር ይዘውት ቢሆንስ? አንዱን አድራሻ ለሁለት ሰጡ ማለት ነው። ወደ አንኮበር የሚላከው ሁሉ መንገድ ስቶ እዚያው ክላውዱ ውስጥ ይቀራል።»

«የእናትሽም ውጤት?»

«የእናቴም።»

ኃይለ ገብርኤል ጣቱን ከቁልፉ ላይ ላጥ አደረገ።

«ይደውሉና የአንኮበሩን ሰው ይጠይቁት።»

«ለዚያ ባለጌ ከምደውል ስልኬን ብውጠው ይሻለኛል።»

«ይዋጡት። ለእናቴ ግን ምን ልበላት?»

ኩርፊያ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል፤ ዳፋው ግን በሦስተኛው ላይ፣ አልጋ ላይ በተኛው ላይ ያርፋል። ኃይለ ገብርኤል ለዘሥላሴ ደወለ። ክልሉ ሙሉ በሙሉ የአንኮበር ነበር፤ የሐኪሙ ኮምፒውተር ሳይቀር።

ሁለቱ ቅርንጫፎች የያዙትን ተነጋግረው ለዩ፤ ማንም ያልነካውን ሌላ ክልል ጨመሩ። ፕሮግራሙ ቁጥር አገኘ፤ ውጤቱም ደረሰ። ሣራ ስትሰናበተው ከእንግዲህ አስቀድሞ ከተጠየቀ ስንት ማሽን ቢጨመር እንደማይጋጭ፣ ሕመምተኛም ውጤት ጠፋ ተብሎ እንደማይጉላላ አስረዳችው። «ገብቶኛል ልጄ» አላት።

በሳምንቱ ዘሥላሴ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን መጣ። እዚያው በር ላይ፣ ነርሶቹ ፊት፣ «ሽቦ ጎታቹ መደወልም ለመደ» አለ።

ኃይለ ገብርኤል ከአምና ጀምሮ ሲያሰላስለው የከረመ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ነገም ግን ክልሉ ሲሞላ የሚደውለው ለዚሁ ሰው ነው። መልሱን ዋጠና በሩን ከፈተለት።