የአሰግድ ተሳቢ

መቂ፣ አስፋልት ዳር ያለ ብየዳ ቤት፣ ረፋድ ላይ፤ ፈለቀች ባሏ አሰግድ ዓምና የሞተበትን የከብት ተሳቢ ልታሠራ አምጥታዋለች፤ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ ታረቀኝ፣ ገዢ አግኝቶ ሊያስቆማት ደርሷል።

ታረቀኝ፦ እትዬ ፈለቀች፣ በያጁን አቁም በዪው! ገዢው እየመጣ ነው እኮ ነው የምልሽ!

ፈለቀች፦ ይምጣ። ለመሆኑ ማን ጠራው?

ታረቀኝ፦ እኔ ነኝ።

ፈለቀች፦ እንግዲያው የራስህን ተሳቢ ሽጥለት።

ታረቀኝ፦ ወንድሜ የሞተበት ነው! ቤትሽ በመጣሁ ቁጥር ግቢው ውስጥ ተገትሮ ሳየው ዓይኔን የት እንደማሳርፈው አላውቅም። አንቺስ እንዴት አስችሎሽ ትነኪዋለሽ?

ፈለቀች፦ አላስቻለኝም። ጠዋት ወለሉን ልጠርግ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ተውኩት። ግን ጠረግኩት።

ታረቀኝ፦ ምን ልታደርጊው?

ፈለቀች፦ ና፣ ወለሉን ዳብሰው። ልሙጥ ላሜራ ነው። የከብት ሽንት ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ሰኮና እንዲይዝ በያጁ ብረት እያጋደመ ይበይድበታል። መሀሉን ደግሞ በርዝመቱም በወርዱም በቱቦላሬ ብረት አስከፋፍዬ ለየክፍሉ በር አስገጥማለሁ። ሰንጋው በየክፍሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይቆማል፤ እንደልቡ ወዲያ ወዲህ አይልም።

ታረቀኝ፦ እሱን ለገዢው ተዪለት። ሰውዬውም ከብት ነጋዴ ነው፣ ከያቤሎ ሊጭንበት ነው የፈለገው።

ፈለቀች፦ ያከፋፍለዋል?

ታረቀኝ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ቀለም እቀባዋለሁ ብሏል።

ፈለቀች፦ ቀለም! በሬው ቀለሙን አይቶ ቀጥ ብሎ ሊቆም! ስማኝ ታረቀኝ፣ የሰውዬውን ሹፌር ሚስት አላውቃትም። ግን ለእኔ የተደወለው ስልክ ለሷም እንዲደወልላት አላደርግም።

ታረቀኝ፦ እሺ፣ ቁራሌ ይቆራርጠው! ብቻ ከፊታችን ይጥፋ!

ፈለቀች፦ ከዚያስ? አሰግድ ጠጥቶ ገለበጠው እንደተባለ ይቅር?

ታረቀኝ፦ ሰው ያወራል። የሰው አፍ አይዘጋ፣ ምን ታደርጊዋለሽ?

ፈለቀች፦ አንተ ታምነዋለህ?

ታረቀኝ፦ አላምንም። ጠላ እንኳን ሲቀዳለት ብርጭቆውን በእጁ ይከድን የነበረ ሰው! ግን ምን አግኝቶት እንደተገለበጠ አላውቅም።

ፈለቀች፦ ታውቃለህ። ተሳቢ ሙሉ ሰንጋ ጭነህ ጠመዝማዛውን ስትወርድ አንዱ በሬ ቢንሸራተት ምን ይሆናል?

ታረቀኝ፦ ሌሎቹም ይደነብራሉ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያደላሉ።

ፈለቀች፦ ከዚያስ?

ታረቀኝ፦ ተዪኝ፣ እትዬ።

ፈለቀች፦ ከዚያስ?

ታረቀኝ፦ ተሳቢው ያዘነብላል። መሪው እጅህ ላይ ቅልል ይልሃል። ከዚያ ወዲያ መኪናው ያንተ አይደለም።

ፈለቀች፦ ይኸው፣ ከአፍህ ወጣ።

ታረቀኝ፦ አንቺ ግን ይሄን ከየት አመጣሽው?

ፈለቀች፦ ረዳቱ ነው የነገረኝ፣ ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ። አሰግድ መጨረሻ ላይ «በሬዎቹ ሄዱብኝ» ነው ያለው። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ታረቀኝ፦ ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?

ፈለቀች፦ ስሙን ባነሣሁ ቁጥር ተነሥተህ ትወጣለህ። ለበሩ ልንገረው?

ታረቀኝ፦ እሺ፣ ይሠራ እንበል። ማን ይጎትትልሻል? ሹፌሮቹ ይሄን ተሳቢ ሲያዩ ያማትባሉ። መኪናው ላይ የሚቀጥልልሽ አንድ ሰው አታገኚም።

ፈለቀች፦ ያማትቡ፣ ይባረኩበት። ያቤሎ ገበያ ገብቼ ሰንጋ ስመርጥ «ሴት ስለ በሬ ምን ታውቃለች» ብለው ሲስቁብኝ ቆሜ ገዝቻለሁ። ሹፌር ካጣሁ መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ።

ታረቀኝ፦ በዚህ ዕድሜሽ?

ፈለቀች፦ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሁን? ያለቀስኩት ይበቃኛል። ወይ እነዳዋለሁ፣ ወይ የሚነዳ አገኛለሁ፤ እንዳለ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም።

ታረቀኝ፦ ሰውዬው እየደወለ ነው።

ፈለቀች፦ አንሣዋ። ምን እንደምትለው እዚሁ ቆሜ እሰማሃለሁ።

ታረቀኝ፦ ቆይ... ቆይ አንዴ። አንተ በያጅ! ያን የክፍሉን በር ተወው፣ አትበይደው!

ፈለቀች፦ ደግሞ ልታስቆምብኝ? ቀጥል አንተ፣ እኔ ነኝ ያሠራሁህ!

ታረቀኝ፦ አይቀጥልም! በሩን ወደ ፊት እንዲከፈት አድርጎ እየገጠመው ነው፣ አታዪም? ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ከብቱ ገንጥሎት ይመጣብኛል፤ ወደ ኋላ ያዙርልኝ።