ስሜን ያዋስኳት ልጅ

እኛ ወደ ጅቡቲ በመጣንበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሐበሻ ለሐበሻ የሚያውሰው በርበሬና ሽሮ ብቻ አልነበረም፣ ስምም እንዋዋስ ነበር። አትሳቂ ሰናይት፣ አንቺ ገና መምጣትሽ ስለሆነ ነው የሚያስቅሽ። ያኔ ሁላችንም በየማዳሙ ቤት እያደርን የምንሠራ ነን፤ ታዲያ ለእረፍት ቀናችን ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን ነበር፣ ልክ እንደዚህችው እንደናንተ ክፍል፣ ጣሪያዋ ሙቀት የሚተፋ። ከመካከላችን የመኖሪያ ወረቀት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እና አፈሳ ሲመጣ ምን እናደርጋለን መሰላችሁ? የተያዘችው ልጅ የኔን ስም ትሰጣለች፣ ሌላዋ ወረቀቴን ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትሮጣለች፣ «ይኸው፣ ቤት ረስታው ነው» ትላለች። ፖሊሱ ፎቶውን ያያል፣ ልጅቷን ያያል፣ ፎቶው በላብ ተበልቶ እንኳን እሷን እኔንም አይመስልም፣ «ሂጂ ሂጂ፣ ሐበሻ ሁሉ አንድ ነው» ይላል።

ታዲያ ደንብ ነበረን። አዲስ ልጅ ስትመጣ ከሁሉ በፊት ስሜን እናስጠናታለን። የኔን፣ የአባቴን፣ የእናቴን ሳይቀር። «እናትሽ ማን ናት?» እላለሁ። «እእ... የሺእመቤት» ትላለች። «እንደሱ አይደለም፣ ፈጠን በይ፣ የእናቱን ስም ለመናገር የሚያስብ ሰው የለም» እላታለሁ። ለደግ ብዬ እኮ ነው። ማንም አይቶ የማይጠረጥራት እንድትሆን ብዬ ነው።

አስናቀች የምትባል ልጅ ከወሎ መጣች። ወደ የመን ልትሻገር ነበር የመጣችው፣ እስክትሻገር ድረስ ሥራ ልያዝ አለች። ጭምት ልጅ ነበረች፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሸመደደችው። አንዴ ከገበያ ስትመለስ ታፍሳ በስሜ ወጣች። ከዚያ አንዲት ማዳም ቤት ገባች፣ ከዚያ ደግሞ ድምጿ ጠፋ። «ኦቦክ ወደብ ወርዳ በጀልባ ተሻግራለች» ተባለ። ሳትሰናበተኝ ሄደች ብዬ ተቀየምኳት፣ በዚያው ቀረ።

ዓመታት ሄዱ። ልጄ ዳዊት፣ ያለኝ አንድ እሱ፣ እኔ ማዳም ቤት ሳድር እዚሁ ሰው ዘንድ አስቀምጬ ያሳደግኩት፣ ወደቡ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ቤልጅየም ገባ። ታዲያ አንድ ቀን ደወለ፣ ድምፁ የሱ አይመስልም። «እማዬ፣ ጉበቴ ነው ይላሉ። አይድንም ይላሉ። ነይና ዓይንሽን ልየው» አለኝ። የግብዣ ወረቀትም ላከ። ቪዛ የሚሰጡት ሰዎች «ከወንጀል ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ከፍርድ ቤት አምጪ» አሉኝ። እኔማ «እሱ ምን ችግር አለው» ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለው የሱማሌ ልጅ ነው፣ አማርኛ ይሞክራል፣ ግን የገበያ አማርኛ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ነው የሚለው። ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና አየ።

«እናቴ፣ አንቺ እስር ቤት ገባሽ?»

«እኔ? ማን አለህ?»

«እዚህ አለ። ስርቆት። የማዳም ወርቅ። ታስረሽ፣ ጨርሰሽ ወጣሽ።»

«ልጄ፣ የሌላ ሰው ይሆናል፣ ሞክሼ ነው።»

«ስም ያንቺ። አባት ያንቺ። እናት የሺእመቤት። ሞክሼ እናቱም አንድ ነው?»

ያኔ ገባኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ማዳሟ ወርቅ ጠፋኝ ብላ ስታስይዛት፣ አስናቀች ደንግጣ ያስጠናናትን ተናገረች። ፈጠን ብላ። እኛ ባሕር ተሻግራለች ስንል እሷ በኔ ስም ታስራ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴን ስንቴ ሳሳድስ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለኝም እኮ፣ ለካ ነገሩ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። አዲስ አበባ የተማረ ነው፣ አንቱ ይለኛል። «ልጅቷ ራሷ ቀርባ እኔ ነኝ ትበልልዎት» አለኝ። «የመን ትሁን ባሕሩ ውስጥ ትሁን የሚያውቅ የለም» አልኩት። «እንግዲያው እርስዎ እውነቱን ይናገሩ፣ ስሜን አውሼ ነበር ይበሉ። ግን እማማ፣ እሱም ወንጀል ነው።» አያችሁ? ዝም ብል ሌባ፣ ብናገር አጭበርባሪ። ሆኖም የልጄ ነገር ነውና ፍርድ ቤት ቀርቤ ተናገርኩ። መዝገቡ ሳይጠራ ቀረ፣ ቪዛውንም ከለከሉኝ።

ለዳዊት በስልክ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እማዬ፣ እኔን ለማስተማር ብለሽ ከሆነ አልፈርድብሽም።»

«ዳዊት፣ አልሰረቅኩም እኮ።»

«እሺ እማዬ፣ ይሁን። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ይቅር ብዬሻለሁ! ሰማችሁ? ልጄ ያልሠራሁትን ኃጢአት ይቅር ብሎኝ ሞተ። ቀብሩን በስልክ አሳዩኝ፣ ዝናብ ነበር፣ የማላውቃቸው ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። እኔ እዚህ ሙቀት ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል፣ እኔ «አልሰረቅኩም» እለዋለሁ። አእምሮዋ ተነካ አሉኝ። አስናቀችን ልረግማት እነሳለሁ፣ እና አፌ እምቢ ይለኛል። ማን ያውቃል፣ እሷም አልሰረቀች ይሆናል። የሐበሻ ገረድ ሰረቀች ሲባል የሚጠይቅ ማን አለ?

ምን አልሽ ሰናይት? አትፍሪ፣ ጮክ በይ። «ነገ ቢይዙኝ የማንን ስም ልበል?» ነው ያልሽው?

ወይ አንቺ ልጅ፣ አሳቅሽኝ። የኔን በይ። እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ የምሄድበት የለኝም።