ደንቃራ የምታነሳው ሴት

ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ሥራው መዞርና የማይመለከተው ነገር ውስጥ መግባት ነው፤ እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ባለፈው ሰሞን ፀሐዩ በረድ ሲል የድሬን ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ በእግሬ ሳቋርጥ፣ ፊርዶስ አሸዋው ላይ የመኪና ጎማ ስትጎትት አገኘኋት። ትከሻዋ ላይ ባንጠለጠለችው ማዳበሪያ ውስጥ የተሰበረ ቬንትሌተርና የብስክሌት ሰንሰለት ይታያል። ፊርዶስ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ዛሬ ከተጣለ ዕቃ ቅርጻ ቅርጽ ትሠራለች። ብቻዋን ትሠራለች፣ ብቻዋን ትበላለች።

ላግዛት ጎንበስ ስል እትዬ ትርንጎ ዘንቢላቸውን ይዘው ከቀፊራ ገበያ ሲመለሱ ደረሱብን። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ለፊርዶስ አከራይተዋል። ሊስሙኝ ቀረብ አሉና ፊርዶስን ሲያዩ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«መምህር ዕዝራ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ያን ነገር በእጅዎ እንዳይነኩ!»

«ጎማ እኮ ነው፣ እትዬ ትርንጎ። ምን ያደርገኛል?»

«ማን ምን ብሎ እንደጣለው በምን ያውቃሉ? ይቺ ልጅ የከተማውን ደንቃራ ሁሉ እየለቀመች ግቢዬ ታስገባለች። የልጅ ልጄ ይሳቅ በትኩሳት ነዶ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት የከረመው እሷ ከገባች ወዲህ ነው። ወሩ ሲያልቅ ትልቀቅልኝ ብያለሁ። ጠልቻት አይደለም፣ ፈርቼ ነው።»

ደንቃራ ማለት የበሽተኛ ገላ የታሸበትን ጨርቅ ወይም ዕቃ መንገድ ላይ መጣል ነው። ያነሳው ሰው በሽታውን ይወስዳል፣ በሽተኛው ይድናል ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። የተማረ ነኝ ባይ ሁሉ የሚያደርገውን ላደርግ፣ ልገሥጻቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፊርዶስ ግን ቀደመችኝ። የድሬ ልጅ ናትና ለትልቅም ለትንሽም አንቺ ነው የምትለው።

«እማማ ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። ይሳቅ ሲታመም አንቺስ አልጣልሽም?»

እትዬ ትርንጎ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። «ጣልኩ። ሸሚዙን አሽቼበት መስቀለኛው መንገድ ላይ ጣልኩ። የማያደርግ ማን አለ?»

«ማን እንዲያነሳው ብለሽ?»

«ማንም... አላፊ አግዳሚ።»

«አላፊ አግዳሚው እኮ እኔ ነኝ፣ እማማ። በዚህ ከተማ የተጣለ የማነሳው እኔ ነኝ። ስትጥዪው ፊርዶስ ትታመምልኝ ማለትሽ ነበር?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አወረዱ። «አንቺን አላሰብኩም፣ የኔ ልጅ። ማርያምን አላሰብኩም» አሉ።

«ወላሂ በሽታው አልያዘኝም። የያዘኝ ብቸኝነት ነው። ለዒድ የላክሁልሽ ምግብ እንደተከደነ ተመለሰልኝ። ልጆቹ በሬን ሲያልፉ ይሮጣሉ። አሁን ደግሞ ልቀቂ አልሽኝ፤ ይሄን ሁሉ ብረት ይዤ ማን ያስገባኛል? ሥራዬን ሁሉ መልሼ እዚሁ ደቻቱ ልጥለው ነው?»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። እኔም አለቀስኩ ለማለት አላፍርም።

እትዬ ትርንጎ ግን ልበ ጠንካራ ናቸው። «እሺ፣ ደንቃራ ካልሆነ ልጁን ምን ያዘው?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

ፊርዶስ ጎማውን አዘንብላ ውስጡ የተኛውን የዝናብ ውሃ ከማዳበሪያዋ ባወጣችው የፕላስቲክ ሳህን ተቀበለች። ጥቃቅን ትሎች እየተቆለመሙ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ባዮሎጂ ያስተማርኩት በከንቱ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«የትንኝ እጮች ናቸው» አልኳቸው። «ቺኩንጉንያ ከተማችንን አልጋ ላይ ያዋለ ጊዜ ያስታውሳሉ? ትኩሳቱም፣ የጉልበቱም ሕመም ያው ነው። ያን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ እሷው አይደለች ጎማ የምታመጣው?»

«እኔ ውሃውን ደፍቼ፣ ቆራርጬ ነው የማስገባው» አለች ፊርዶስ። «ጣሪያሽ ላይ ያሉትን ጎማዎች ግን ማን ደፍቷቸው ያውቃል?»

ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይነቅለው ጣሪያ ላይ አሮጌ ጎማ መጫን የሠፈራችን ወግ ነው። እትዬ ትርንጎም ከይሳቅ መኝታ በላይ ጭነዋል። ፊርዶስ ስጪኝ ብላ ብትለምናቸው፣ ደንቃራ ልታደርጊብኝ ነው ብለው ከልክለዋት ኖሯል።

ሦስታችንም ወደ ግቢው ሄድን። ፊርዶስ መሰላል አቁማ ወጣችና ከጎማዎቹ አንዱን አዘነበለችው፤ ጠቋቁሮ የሰነበተ ውሃ እትዬ ትርንጎ እግር ሥር ፈሰሰ። ትሎቹ መሬቱ ላይ ሲንፈራገጡ ቆመው አዩ። «ይሄን ከልጄ አናት በላይ አስቀምጬ ነው አንቺን የማባርረው?» አሉ። ከዚያ ፊርዶስ ጎማውን ስታወርደው፣ የሚቃጠል ነገር እንደሚነካ ሰው በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ ቀጥለው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊርዶስ በር ጎተቱት።

ክፍሏን ከውስጥ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ከቆርቆሮና ከጎማ የተሠሩ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የሚሰማ ሰው አቀማመጥ አላቸው።

«ምነው ሰው ብቻ ሠራሽ?» አሉ።

«የሚመጣ ስላልነበረ ነው፣ እማማ።»

እትዬ ትርንጎ አንዱን ሥራ ፈቀቅ አድርገው ከጎኑ ተቀመጡ። የወሩን መጨረሻ ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

አንባቢ ሆይ፣ ምክሬን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጣሪያህ ላይ ያለውን ጎማ አውርደህ በድንጋይ ወይም በምስማር ተካው፤ ልጆችህ ከትኩሳት ይድናሉ። የታመመብህን ሰው ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ ሸሚዙን እጠበው እንጂ ለማታውቀው ሰው አትጣልበት። ዕቃህን ከመጣልህ በፊት የሚሠራበት ሰው ፈልግ፤ መንገዱም ይጸዳል፣ የሠራተኛዋም እጅ ሥራ አያጣም። ይህን ሁሉ ለእትዬ ትርንጎ ደግሜ ልነግራቸው በማግስቱ ሄጄ ነበር።

አልሰሙኝም። በአንድ እጃቸው ባዶ ስኒ ይዘው የፊርዶስን በር ያንኳኳሉ።

«ፊርዶስ፣ ጨው አልቆብኛል፣ ትንሽ ታበድሪኛለሽ?»

ከቀፊራ አንድ ሙሉ ከረጢት ጨው እንደገዙ ነግረውኛል። የያዝኩትን ምክር ትቼ ዳር ቆምኩ። ፊርዶስ ስኒውን ተቀብላ ገባች፤ ስትመለስ እስከ አፍ ገደፉ ሞልታ፣ እንዳይፈስ በሁለት እጇ ይዛው ነበር።