ስለ ሌላኛው ኢንጂነር

እንደምን ዋሉ እትዬ ጌጤ! ኧረ አይነሡ፣ በሞቴ አይነሡ! እኔ ፋንቱ እንግዳ ነኝ እንዴ? ከወዲያኛው ብሎክ እዚህ እስክደርስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆነ፤ ይሄ ሳውዝ ሲ ሰፈራችን እኮ ትንሽ ካካፋ መንገዱ ሁሉ ወንዝ ነው። ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ተመስገን። ቤቱ እንዴት ያምራል! ሶፋው ላስቲኩ አሁንም አልተነሣም? ሦስት ዓመት ሆነው አይደል? ዛሬ የተገዛ ነው የሚመስለው። ሲቀመጡበት ትንሽ ይንኮሻኮሻል እንጂ ሌላ ምን ይወጣለታል? ሻይ ይበቃኛል፣ ሳምቡሳውንም አንድ ብቻ።

የወንድምዎ ልጅስ የለም? ሥራ ሄደ? ቅዳሜም ይሠራል? ጎበዝ። ጫማውን በር ላይ ሳየው ያለ መስሎኝ ነበር... ሌላ አድርጎ ነው የሄደው? እሰይ፣ ሁለት ጫማ ያለው ወንድ ደስ ይለኛል። እንግዲያው ድምፄን ከፍ አድርጌ ብጫወት የምረብሸው ሰው የለም ማለት ነው።

የላኩት መልእክት ደርሶናል። ነገ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ሐብተማርያም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው እህቴን ሳምራዊትን ለወንድምዎ ልጅ ሊጠይቁ ይመጣሉ አሉ። አባባ ሰምቶ ሱፉን ከቁም ሣጥን አውጥቶ በር ላይ ሰቀለው። ስለዚያ በኋላ እናወራለን... ዛሬ የመጣሁት ልስቅ ነው! ሰሞኑን እኛ ቤት ይመላለስ ስለነበረ ስለ አንድ ሌላ ልጅ ላጫውትዎት። እርስዎ አያውቁትም። እሱም ኢንጂነር ነው። እሱም ቀይ መኪና ይነዳል። እሱንም ያሳደገችው አክስቱ ናት... ምን ይደረግ፣ ናይሮቢ ትልቅ ከተማ ነው፤ ሰው ከሰው ይመሳሰላል። ስሙንማ አልነግርዎትም። እኔ ሰው ማማት መቼ እወዳለሁ?

ሳምሪ የኮምፒውተር ጨዋታ እንደምትወድ ያውቃሉ አይደል? ዌስትላንድስ ቢሮ ውላ፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ትመጣና፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ እንደገና መኪና ታሽቀዳድማለች። ቀልድ እንዳይመስልዎት፣ ውድድር አለው! ለዚሁ ብላ ስድስት ወር ቆጥባ፣ መሃል ከተማ ወርዳ ዕቃውን አንድ በአንድ ለቅማ ገዛች፤ ሣጥኑን ከአንዱ ሱቅ፣ ካርዱን ከሌላው። ራሴ ነኝ የምገጥመው አለች። መመሪያውን ሁለቴ አንብባ፣ ዕቃውን ምንጣፍ ላይ ደርድራ፣ ካቻቢቴዋን አንሥታ፣ ገና አንድ ብሎን እንኳ ሳታስር... ልጁ ከች!

ምን ዓይነት አዛኝ መሰለዎት! «ስጪኝ፣ እጅሽ ይጎዳል» ብሎ ካቻቢቴውን ተቀበላት። እንዲህ የሚሳሳ ወንድ ዛሬ የት ይገኛል? መመሪያውን ስትሰጠው አጥፎ ሻይ አስቀመጠበት። ለምን ያንብብ? የተማረ ሰው አይደለም እንዴ! «ይልቅ ሌላ ሻይ አፍዪልኝ» አላት። ሁለተኛው ሻይ እስኪፈላ ገጥሞ ጨረሰ። ፍጥነት ነው እንግዲህ! እኛም እልል አልን።

ማብሪያውን ተጫነው፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መብራት... እማዬ ቆማ አጨበጨበች። ሳምሪ ጨዋታውን ከፈተች። መኪናዎቹ እየተንገጫገጩ፣ እየቆሙ፣ እንደገና እየሄዱ... አራት ደቂቃ። እልም! ጠፋ። ወዲያው ሲያስነሡት እምቢ ይላል፤ ካረፈ በኋላ ይነሣል፤ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና እልም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ልጁ? ምን በወጣው! «የኬንያ ስቲማ ነው፣ መብራቱ ደካማ ነው» አለ። እኛ እኮ ይሄን ሁሉ ዓመት በዚሁ ስቲማ ስንኖር አላወቅንም። ኮምፒውተሩ መብራት እንዲበቃው ብሎ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለ። ሁለት ቀን! የእማዬን ሦስት ኪሎ ሥጋ የግቢው ዘበኛ ውሻ በላው፤ እስከ ዛሬ ቀዩ መኪና ሲገባ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። አየ፣ ለእንስሳ እንኳ የሚተርፍ ልጅ! በሳምንቱ ደግሞ «ቫይረስ ነው» ብሎ ዊንዶውሱን ደመሰሰው። አዲሱን ሲጭን መሀል ላይ ይጠፋበታል፣ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይጠፋበታል... ትዕግሥቱን ሳይ እንባዬ መጣ። ከዚያ «የቤቱ ሙቀት ነው» አለና የእማዬን ማራገቢያ ከመኝታ ክፍሏ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ፊት ገተረው። ኮምፒውተሩ ነፋስ ይቀበላል፣ እማዬ በጋዜጣ ታራግባለች። ሳቄን እንዴት ልቻለው?

ሳምሪ ነግራዋለች። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። «ሙቀቱ መቶ ዲግሪ እያለ ነው፣ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አንሥተን ሥሩን እንየው» ብላ። መልሱ እንዴት እንደሚጣፍጥ ይስሙልኝ፦ «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ መጫወቱን ነው የምታውቂው፤ ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው።» ቆንጆ አላት እኮ! ሌላ ምን ትፈልጋለች? ባለፈው እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እየሳቀ፣ «ሴት ልጅ ብቻዋን ዕቃ ስትገዛ እንዲህ ነው፣ የተበላሸ ሸጠውላት» አለ። ሳምሪ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን እኔ... እትዬ ጌጤ፣ ያን ቀን እኔ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን በርዶልኛል። ሳምቡሳው ይጣፍጣል፣ ሥጋው ትኩስ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሳምሪ ፈቃድ ወስዳ ቤት ቀረች። በሩን ዘጋች፣ ካቻቢቴውን አነሣች፣ ማቀዝቀዣውን ፈታች። ሥሩ ላይ ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? ላስቲክ! አዲስ ሲሸጥ የሚለጠፍበት ላስቲክ! በቀይ ቀለም «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» የሚል ተጽፎበታል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ቀይ ጽሑፍ አያነብም። ያ ምስኪን ማቀዝቀዣ ላስቲኩን ለብሶ ምኑን ያቀዝቅዝ? እማዬ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ተከራከርኩለት! «ይሄ አስተዳደግ ነው» አልኩ። በእኛ ሰው ቤት አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ይላጣል እንዴ? ሪሞቱ በላስቲክ፣ የፍሪጁ እጀታ በላስቲክ፣ ሶፋው... ያሳደገችው አክስት ምን ያህል ዕቃ አክባሪ ብትሆን ነው! ምነው እትዬ ጌጤ፣ ሻዩ አቃጠለዎት?

ቆይ ገና ነው። ያ ስድስት ወር የተቆጠበለት ካርድ፣ ጨዋታውን ፈጣን የሚያደርገው እሱ ነው አሉ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ልጁ የስክሪኑን ገመድ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ከላይ ዋናው ቦርድ ላይ ሰክቶታል። ቀዳዳው እኮ ይመሳሰላል፤ ማንም ይሳሳታል፣ ኢንጂነር ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይፈቀድለታል። ሳምሪ ላስቲኩን ላጠች፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት በአዲስ ቀባች፣ ገመዱን ከቦታው ሰካች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ይኸው ከሐሙስ ጀምሮ አንዴም አልጠፋም፤ ዛሬ ጠዋት ተወዳድራ ለሚቀጥለው ዙር አለፈች! እኔ በደስታ የጎረቤት በር ሁሉ አንኳኳሁ።

ልጁስ? ሲደውል ተሠራ አልነው። ምን ቢል ጥሩ ነው? «አላልኳችሁም? ስቲማው ተስተካከለ ማለት ነው።» ሃሃሃ! እንዲህ በቃሉ የሚጸና ሰው አይቼ አላውቅም!

ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ መሰለኝ? ድመት ነው? ድመት ማሳደግ መጀመርዎን አልሰማሁም ነበር። ትልቅ ድመት ነው መሰል፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ... ይተኛ፣ ይተኛ፣ አይጥሩት።

ሳምሪ ትናንት አባባ ፊት ተቀምጣ ምን አለች መሰለዎት? «ሦስት ሳምንት ስናገር ያልሰማኝ ሰው ሠላሳ ዓመት እንዴት ይሰማኛል?» አለች። ስለዚያኛው ልጅ ነው እንግዲህ፣ ስለ እርስዎ ልጅ አይደለም! የእርስዎ ልጅማ የሚሰማ ልጅ ነው፤ አሁን ቢኖር አንዲት ቃል አታመልጠውም ነበር። አባባም ሱፉን ወደ ቁም ሣጥን መለሰው። ጋሽ ሐብተማርያም ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዚህ ጭቃ ነገ ባይደክሙ ምን ይመስልዎታል? እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ አሽሙር ይመስላል።

በሉ ልሂድ፣ ሰዓቱም ሄደ። ያንን ልጅ ባያውቁትም አብረው አሜን ይበሉልኝ፤ ለሰው ልጅ መልካም መመኘት ምን ይከፈልበታል? እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው። መንገዱን ያቅናለት። ለሳምሪ ሠርግ በሰላም ያድርሰው፤ ከፊተኛው ወንበር ያስቀምጠው፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ፣ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚልበትን ሰፊ ልብ ይስጠው!