ግራጫዋ መስመር

አዳማ፣ አንድ ጠባብ የሶፍትዌር ቢሮ፣ ጠዋት፤ የክሊኒኩን ፕሮግራም የጻፈችው ሐመልማልና መርምረው ያሳለፉት ጋሽ አስፋወሰን፣ ሁለቱም ፊታቸው ዝሎ፣ ኮዱ ላይ አፍጥጠዋል።

ሐመልማል፦ እባክዎ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ኮዱን በየዓይነቱ የሚለየውን ቀለም ያብሩት!

አስፋወሰን፦ አላበራም። ሃያ ዓመት ኮድ ያነበብኩት በጥቁርና ነጭ ነው።

ሐመልማል፦ ሃያ ዓመቱስ ደህና! ትናንት ግን ፔኒሲሊን የማይስማማት ሴት ፔኒሲሊን ሲታዘዝላት ፕሮግራማችን ጭጭ አለ። ነርሷ ሴትዮዋን ባታውቃት ኖሮ...

አስፋወሰን፦ ሰምቻለሁ፣ አትድገሚብኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሐመልማል፦ አራት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ይጠሩናል። ጥፋቱ የማን ነው ሊሉን ነው።

አስፋወሰን፦ የኔ እንዲሆን ነዋ ቀለም ቀለም የምትይው።

ሐመልማል፦ ቀለም ቢኖር ያዩት ነበር ነው የምለው። ይኸው፣ በኔ ኮምፒውተር ይዩት። ትእዛዙ ሰማያዊ፣ ጽሑፉ አረንጓዴ፣ ኮሜንት የተደረገው ግራጫ።

አስፋወሰን፦ የሕፃናት መጽሐፍ አስመሰልሽው እኮ።

ሐመልማል፦ ይቀልዱ። አለርጂ የምታጣራው መስመር የትኛዋ ናት?

አስፋወሰን፦ ይቺ... ውይ! ኮሜንት ተደርጋለች?

ሐመልማል፦ አዎ፣ ማሽኑ ዘሏት ነው የሚያልፈው። ይኸው ግራጫ ሆና ቁጭ ብላለች። ቀለም ቢኖር ገና ሲከፍቱት ያዩዋት ነበር!

አስፋወሰን፦ እሺ፣ አመለጠችኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ቀለም ይረዳል፣ ተሸነፍኩልሽ። ግን ማን ነው ኮሜንት ያደረጋት?

ሐመልማል፦ ...እኔ። ለሙከራ ነበር። ማስጠንቀቂያው በየደቂቃው ብቅ እያለ አላሠራ አለኝ።

አስፋወሰን፦ መቼ?

ሐመልማል፦ የዛሬ ሦስት ሳምንት።

አስፋወሰን፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከነቀለሟ ስታያት ነበር?

ሐመልማል፦ በየቀኑ። ግራጫ ሲሆን እኮ... ዓይኔ የማይረባ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ለመደ፣ ጋሼ። አፈርኩ።

አስፋወሰን፦ በይ ተይው፣ አታልቅሺ። መርምሬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ለሥራ አስኪያጁም እኔው እነግረዋለሁ። ቢበዛ ጡረታ ውጣ ይለኛል።

ሐመልማል፦ አይሆንም፣ የምገባው እኔ ነኝ። እርስዎ ሳያዩ ነው ያለፏት፤ እኔ እያየሁ።